ስምንቱ ቅዳሜዎች

የብርሃኗ ነጥብ ያረፈችበት ቦታ ልክ አልነበረም።

ልጅቷ በአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ እንደገና አየች። ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ በአንዲት የሚስማር ቀዳዳ የምትገባው ብርሃን፣ ጣውላው ላይ ካለው ያለፈው ቅዳሜ ምልክት አለፍ ብላ ማረፍ ነበረባት። ነጥቧ ግን ከምልክቱ ሠላሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቀርታለች። ልጅቷ ነጥቧ ያረፈችበት ላይ ምልክት አደረገች። የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ሰኞ ነው።

«አባዬ፣ ጣውላውን ነክተኸዋል?»

«እኔ? እጄን ይቁረጠው!» አለ አባቷ፣ ከሚያስተካክለው የበር ፍሬም ቀና ሳይል። «በአራት ሚስማር የመታሁት ጣውላ የት ይሄዳል? ስድስት ወር ሙሉ እየዘለልኩት ነው የኖርኩት።»

በትምህርት ቤት «ደቂቃ» ይሏታል፤ ሰዓት ስለማታሳልፍ ነው። የብርሃኗን ነጥብ እየተከታተሉ ጣውላው ላይ ምልክት ማድረጉ የእሷና የጓደኛዋ የኤግዚቢሽን ሥራ ነበር። መምህራቸው ኳስ በዘንግ ወግቶ፣ አጋድሎ ይዞ አምፖል ዙሪያ እያዞረ፣ «ወቅት የሚለዋወጠው ምድር ለፀሐይ ስለቀረበችና ስለራቀች አይደለም» ብሏቸው ነበር። «እንዳጋደለች ስለምትዞር ነው። ብርሃኑ ከአናት ሲወርድ ያቃጥላል፤ አጋድሎ ሲወርድ ይበተናል። ካላመናችሁ ለኩ! ልኬቱ የጎደለበት ግን ኤግዚቢሽኑ ላይ አይቀርብም።»

በየቅዳሜው እኩለ ቀን ላይ ለኩ። ከዚያ የደቂቃ አክስት ታመመችና ደቂቃ ስምንት ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ለማስታመም ሄደች። አባቷ በእነዚያ ቅዳሜዎች ውጭ ይሠራ ስለነበር፣ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ለጓደኛዋ ሰጠቻት። በየሰኞው «ለካሽ?» ስትላት መልሱ አንድ ነበር፦ «ለክቻለሁ፣ አታካብጂ!»

ደቂቃ የአባቷን ሜትር ዘረጋች። ከምልክት ምልክት አሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር። ቀጥሎም አሥራ ሦስት። ስምንቱም አሥራ ሦስት። የጣውላውን ሌላኛውን ጫፍ አየች። ከስድስት ወር በፊት ራሷ ያደረገቻቸው ምልክቶች ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ ፀሐይ አቅጣጫዋን ቀይራ የምትመለስበት ቦታ፣ መመለሻዋ አካባቢ ስትሆን ታዘግማለች። ከዚያ ምልክቶቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። በዚህኛው ጫፍም ፀሐይ ወደ ሌላኛው መመለሻዋ ስለተቃረበች መልሰው መጠጋጋት ነበረባቸው። ደሟ ፈላ።

ጓደኛዋ ትንሽ ወንድሟን አዝላ እያለከለከች ገባች። ሁሉን ነገር በሩጫ ስለምትሠራ «ቱርቦ» ትባላለች።

«ስንት ቅዳሜ መጣሽ?» አለቻት ደቂቃ።

«ስምንቱንም ነዋ!»

«ቱርቦ!»

ቱርቦ ጣውላውን አየች፤ ከዚያ ጓደኛዋን። «አንድም ቅዳሜ አልመጣሁም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ረቡዕ መጣሁና ሁሉንም አሰመርኩት። ስትሄጂ ነጥቧ በሳምንት አሥራ ሦስት ነበር የምትራመደው፤ በዚያው ቀጠልኩ። ፀሐይ ፍጥነት እንደምትቀንስ በምን ልወቅ?»

«ፊት ለፊትሽ ተሰምሮልሽ እያለ! ስድስት ወር ሙሉ የለፋሁት ውሃ በላው እኮ!»

«ማዘር ቅዳሜም ሥራ ገባች። ይሄን ልጅ የት ጥዬው ልምጣ?»

«ልትነግሪኝ አትችይም ነበር?»

«አክስትሽ ታማ፣ እኔ ደግሞ ልጨምርብሽ?»

ደቂቃ በወጉ መናደድ እንኳ አቃታት፤ ይኸው ራሱ ይበልጥ አናደዳት። አባቷ ምንም እንዳልሰማ የበሩን ፍሬም ይደበድባል።

«መላ አለው» አለች ቱርቦ ጠጋ ብላ። «አካሄዷን አሁን አውቀናል አይደል? ያኛውን ጫፍ እያየን እናጠጋጋቸው። መምህሩ ራሱ አይነቃም።»

እውነቷን ነው፣ አይነቃም። ደቂቃ ስምንቱን ምልክቶች ከፀሐይዋ አስበልጣ ልታሳምራቸው ትችላለች። ሰኞ ከሌሎቹ ጋር ትቆማለች፤ የሚጠይቃት የለም። ቅድም ያደረገቻትን ምልክት አየች። ብርሃኗ አልፋታለች።

ከግድግዳው ላይ መላጊያውን አወረደች። «አባዬ፣ ልጠቀምበት?»

አባቷ መደብደቡን አቆመ። «ስለቱን ተጠንቀቂ» አለ።

ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወጣ። የዛሬዋን ትታ ስምንቱን የቱርቦ ምልክቶች ስታጠፋ፣ በቦታቸው ከሩቅ የሚታይ ነጭ እንጨት ቀረ። እሱ ላይ «ስምንት ቅዳሜ አልተለካም» ብላ ጻፈች።

«ያስወጡናል እኮ!» አለች ቱርቦ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

«ያስወጡን ይሆናል።» ደቂቃ አሁንም እንደተናደደች ነበረች። እርሳሱን ግን ዘረጋችላት። «የዛሬዋ ምልክት ላይ ቀኑን ጻፊበት። ጣውላውን ለኤግዚቢሽኑ ነቅለን ብንወስደውም፣ ከሰኞ በኋላ መልሰን እዚሁ እንመታዋለን፤ ቅዳሜ እንለካለን፣ ልጁንም ይዘሽው ነይ። አባዬ ይይዘዋል።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ አባቷ፤ እጆቹን ግን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ለሕፃኑ ዘርግቷል።

ቱርቦ ወንድሟን አውርዳ ሰጠችው። ከዚያ ተንበረከከችና፣ ሳትቸኩል፣ ቀኑን ጻፈች።