የታጠኑት ብልቃጦች

«መስኮቱን ክፍት የተወው ማነው?» አሉ መምህር ታረቀኝ።

የባዮሎጂ ክበብ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብልቃጦች ነጭ ሻጋታ ለብሰዋል። በውስጣቸው፣ እንደ ሙጫ በረጋው ምግባቸው ላይ፣ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከትንሽ የተክል ቁራጭ በብልቃጥ ውስጥ፣ የተባዙ የወይራ ቡቃያዎች ነበሩ። ከምርምር ማዕከል የመጡ ዕለት መምህሩ አደራ ብለው ነበር፤ «ክዳን እንዳትነኩ። ጀርም ከገባ አለቀላቸው።»

«አርብ ተረኛው እኔ ነበርኩ» አለ ኸይረዲን። «መስኮቱን ግን ዘግቻለሁ፤ ወላሂ።»

«ቁልፉን አምጣ። ከክበቡም ለጊዜው እረፍ።»

ራዊያ አቀርቅራ ጫማዋን ታያለች። ጫማው ግን ያው የዘወትሩ ነው።

ቅዳሜ ተረኛ የለም፤ ከዘበኛው ትርፍ ቁልፍ ተቀብላ የገባችው ግን እሷ ነበረች። ያ ጀርም የሚሉት ነገር እንቅልፍ ቢነሳት፣ እቤታቸው የወተት ቅል በወይራ ጭስ እየታጠነ እንዴት እንደሚጸዳ ትዝ አላት። ወይራ በወይራ መቼም አይጨክንም ብላ፣ ከቤት ፍም በጣሳ ይዛ መጣች። ክዳኖቹን እየከፈተች ብልቃጦቹን በወይራ ጭስ አጠነቻቸው። አስተጣጠኗስ አይታማም፤ ችግሩ ቡቃያው ወተት አለመሆኑ ነው። ከዚያ ጭሱ ይውጣ ብላ መስኮቱን ከፈተች፤ ከፍታም ረሳችው።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ኸይረዲን ባጃጅ መጠበቂያው ጋ ደረሰባት።

«ዋጃ ላሉት አያቴ አንዷን ችግኝ እተክልልዎታለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር» አለ። «አሁን ምን ልበላቸው?»

ራዊያ ባጃጅ የምትፈልግ መስላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ሌላ ቀን አፍሽ አያርፍም።»

«ባጃጁ መጣ» አለች። ባጃጁ ሞልቶ ነበር፤ ሳይቆም አለፈ።

እቤት ስትደርስ እናቷ መይሙና ቅሉን አቀበሏት። «አጥኚልኝ የኔ ልጅ። አንቺ ያጠንሽው ወተት ይሰነብታል።»

ምስጋናው ፊቷን አጋላት። ቅሉን አጥና ስትጨርስ የተረፈችውን፣ ጫፏ የከሰለ የወይራ እንጨት በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ለምንሽ ነው?»

«ለመምህር ላሳያቸው።»

«ወይራ አይተው አያውቁም?»

«ወይራውንስ ያውቁታል» አለች ራዊያ፤ ቀሪውን ለእናቷ አልነገረችም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄደችና ወደ ኸይረዲን ቤት ታጠፈች። በሩ ላይ ስትደርስ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠግታ አንኳኳች።

«ኸይሩ፣ ውጣማ» አለች። «መምህር ጋ አብረን እንገባለን። መጀመሪያ ግን ላንተ ልንገርህ።»