ድምፅ የሌለው ወፍጮ

«መጀመሪያ ማን መጣልህ?» ያለችው እህል ልታስፈጭ የመጣች አንዲት አሮጊት ነበረች። የኢልሃም አያት ደግሞ ሳቀና «በስንት ጊዜ ግን ተግተልትላችሁ መጣችሁ?» ብሎ ጠየቃት። ኢልሃም ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር፤ በአያቷ ወፍጮ ቤት ባዶ ጆንያ ላይ ተኝታ በእንቅልፍ ልቧ ነው የሰማችው። የናፍጣው ወፍጮ ወደ መንደሩ ስለገባበት ዘመን እያወሩ መሆኑን አወቀች እንጂ የአሮጊቷን መልስ አልሰማችም። እንቅልፍ ወሰዳት።

ዘጠነኛ ክፍል ከገባች በኋላ ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣባት። ከሾኔ ወደ አዲሎ በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ ሌላ ወፍጮ ተከፍቷል። ጣሪያው በሙሉ ሶላር ነው፤ ደመና ሲሆን የሚተካ ባትሪም አለው። የወፍጮው ባለቤት ወይዘሮ ብርነሽ የኢልሃም የክፍል ጓደኛ የሕዝቅኤል አክስት ናቸው።

«ሰው ምን ሆኖ ነው ግን?» አለ ሕዝቅኤል ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። «በአንድ ሳምንት የናንተን ጭሳም ሞተር ጡረታ እናስወጣዋለን ስል ነበር። አክስቴ ግን ቁጭ ብላ ዝንብ እሽ ትላለች።»

«ያ ጭሳም ነው እኔን የሚያበላኝ፤ አፍህን ሰብሰብ አርግ።»

«ኧረ አታካብጂ! የምሬን ነው። ይኸው እናንተ ናፍጣ ካጣችሁ ሰነበታችሁ፤ አንድ ሰው እንኳ ወደኛ ዝር አላለም። ዱቄታችን ይመርዛል እንዴ?»

ኢልሃም ምክንያቱን ታውቃለች። ነገሩ ስለገረማት ትናንት ከኮረብታው የወረዱትን እትዬ አስካለችን ባዶ እጃቸውን አግኝታ ጠይቃቸው ነበር።

«የበቆሎ ዱቄት ካለቀብን ቆየ» አሏት። «ልጆቹ ንፍሮ ሰልችቷቸው ያለቅሳሉ።»

«አዲሱ ወፍጮ አለ አይደል?»

«እሱ መቼ ሠራና! ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ጥዬ አዳምጣለሁ፣ ድምፅ የለውም። ወፍጮ ሳይጮኽ አህያ ይጫናል እንዴ ልጄ?»

እውነታቸውን ነው። የአባቷ የፈትሁዲን ሞተር ሲነሳ ጭስ ማውጫው ላይ የታሰረችው ጣሳ ትጮኻለች፤ ያን የሰማ ኮረብታ ሁሉ እህሉን ጭኖ ይወርዳል። የፀሐዩ ወፍጮ ግን እንደ ንብ እም ብሎ ይፈጫል፤ ከግቢው በር እንኳ አይሰማም።

«ታውቂያለሽ እንዴ?» አለ ሕዝቅኤል።

ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ነው። ያን ቃል ከተናገረች ግን የአባቷ በር ላይ የሚሰለፉት አህዮች ከባሕር ዛፉ ጀርባ ይሰለፋሉ።

«እኔ እንጃ» አለችው።

አባቷ ከሾኔ የናፍጣ ሰልፍ የተመለሰው አመሻሹ ላይ ነው። ጄሪካኑን አስቀመጠ፣ ታጥቦ ሰገደ። ኢልሃም እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አባ፣ የአያቴ ወፍጮ ሲገባ፣ ሴቶቹ በእጅ ወፍጮ መፍጨት በስንት ጊዜ ነው የተዉት?»

አባቷ ሳቀ። «ምን አስታወሰሽ? መጀመሪያ ማንም አልመጣም። የብረት ሽታ አለው፣ ዱቄቱ ሆድ ይነፋል ተባለ። አያትሽ ያቺን ጣሳ ሲያስራት ግን ሰው ለማየት መጣ፣ ካየ በኋላ እህል ይዞ መጣ። ክረምቱ ሳይወጣ የእጅ ወፍጮው ሁሉ ደጃፍ ላይ ተጥሎ ዶሮ ይቆምበት ጀመር።»

«በአንድ ክረምት?»

«እንዲህ ያለ ነገር እንደዚያ ነው። አይመጣም፣ አይመጣም ስትዪ፣ አንድ ቀን መጥቶ አድሮ ታገኚዋለሽ።»

ኢልሃም እትዬ አስካለች ያሏትን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። የአባቷ ፈገግታ ጠፋ።

«ለሕዝቅኤል ነግረሽዋል?»

«አንተን ሳልጠይቅ? አልነገርኩትም።»

«ዝም ብንልስ?»

«ልጆቹ ንፍሮ ሰልችቷቸዋል አሉኝ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው።

አባቷ ሞተሩ አጠገብ ሄዶ እጁን ቀዝቃዛው ብረት ላይ አሳረፈ። ከዚያ ጎንበስ አለና ከጀርባው አንድ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ጎትቶ አወጣ። በመፍቻ አንዴ መታው። ድምፁ ግቢውን አልፎ ሄደ፤ ማዶ ውሻ ጮኸ።

«ይኼማ ኮረብታው ድረስ ይሰማል» አለች ኢልሃም።

«እሺ» አለ አባቷ በረጅሙ ተንፍሶ። «ጠዋት አብረን እንወስደዋለን። እኔው ራሴ በራቸው ላይ እሰቅልላቸዋለሁ። ግን ለዚያ ጓደኛሽ ንገሪልኝ፤ የሚደወለው እኔ ናፍጣ ባጣሁ ቀን ብቻ ነው።»

ኢልሃም ጄሪካኑን አየችው። ከግማሽ በታች ነው። አባቷም አየው።

«እሺ አባ፣ እነግረዋለሁ» አለች። ቸርኬውን በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላ በኩል እሱ ይዘው ወደ በሩ አስጠጉት።