ሣጥኑ ያደረበት ቤት

ልደት ቁልፉን ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነችው። ሮኬቷ ግን ከዘንጓ ላይ ንቅንቅ አላለችም። ከሥሯ ቀጭን ጭስ ቡልቅ ብሎ ጠፋ።

ከከተማው ግንብ ከኤረር በር ውጭ ባለው ሜዳ የተሰበሰቡት የሳይንስ ክበብ ልጆች ሳቁ። አንዱ «ምሰሶ ነው እንዴ የተከላችሁት?» አለ። የክበቡ ሰብሳቢ ያሬድ አልሳቀም። ትንሽ ጠብቆ ሽቦውን ነቀለና ሞተሩን ከሮኬቷ ሆድ አወጣው። ሞተሩ አውራ ጣት የሚያክል፣ ባሩድ የታጨቀበት የወረቀት ቀፎ ነው። አብጦ ጫፉ ተልጧል።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ። «ማን ጋ ነው ያደረው?»

ልደት ሳዳን አየቻት። ሁለቱ ሮኬቷን ሦስት ሳምንት ሙሉ አብረው ሲያጣብቁ ቆይተዋል። ቁልፉን ማን ይጫን ተብሎ ዕጣ ሲወጣ ለልደት ደረሰ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳዳ ዝም ብላለች። ዛሬም ራቅ ብላ ነው የቆመችው። ለምን ራቀች? ልደት ይህን እያሰበች ሳለ አፏ ቀደማት።

«ሐሙስ የሞተሮቹ ሣጥን እነሳዳ ቤት ነበር።»

«ጁምዓስ?» አለች ሳዳ። «ጁምዓ እናንተ ጋ አላደረም እንዴ?»

«እኛ ጋ አልጋዬ ሥር ነው ያደረው። ማንም አልነካውም።»

«ወላሂ ውሃ አላስነካሁትም፣ ልደት።»

ያሬድ የቀረውን አንድ ሞተር ኪሱ ከተተና፣ ሳዳ ከእንግዲህ የክበቡን ዕቃ እንዳትነካ ተናገረ። ሳዳ ሻርፗን አስተካክላ ብቻዋን ወደ ከተማው ተመለሰች።

ልደት ቤት ስትደርስ እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷንም እጇንም አገላብጣ አይታ፣ የተቃጠለ ነገር ስታጣ ነው የተነፈሰችው። ልደት ሮኬቷ እንዳልተነሣች ነገረቻት።

«ተመስገን» አለች እናቷ። «ጸበሉ ነዋ።»

«የምን ጸበል?»

ጠዋት ልደት ፊቷን ስትታጠብ እናቷ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ስባ አውጥታ ኖሯል። ባሩድ ያለበት ነገር ልጄን ያሳጣኛል ብላ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጸበል በሞተሮቹ ቀዳዳ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ይኸው በደህና መለሰልኝ አለች።

ልደት ልትቆጣ አፏን ከፈተች። እናቷ ግን እጇን ይዛ ገና አለቀቀቻትም። ልደት አፏን መልሳ ዘጋች።

ስልኳን አወጣች። በክበቡ ቴሌግራም ላይ አንዱ ከሳዳ ስም ጎን የባልዲ ሥዕል ለጥፏል፤ ዐሥራ አራት ልጆች ስቀውበታል። ልደት ጻፈች፦ «ሳዳ አይደለችም። ውሃው የገባው እኛ ቤት ነው። ሳላጣራ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ በትከሻዋ በኩል አነበበችው። «ልታዋርጂኝ ነው?»

«ስምሽን አልጠራሁም፣ እማ» አለችና ላከችው።

ከዚያም ጫማዋን መልሳ አሠረች። እናቷ በዚህ ፀሐይ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀቻት።

«እነሳዳ ቤት።»

በሩን ባትከፍትልኝስ የሚለውን ለራሷ አስቀርታ ወጣች።