የቃል ቀማሿ እንባ

እማዋይሽ ሥራ በገባች በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ዘር ማንዘሯ ተሰድቦ አለቀ። እሷን ያሳሰባት ግን የሻይዋ መቀዝቀዝ ነበር።

ሥራዋ ቃል ቀማሽነት ነው። ድሮ ለመኳንንት የሚቀርበውን ምግብ አሽከር አስቀድሞ ይቀምሰው እንደነበረው ሁሉ፣ የኮምቦልቻ ሕዝብ በየቤቱ ስክሪንና በየመንገዱ ሰሌዳ ከሚያየው ቪዲዮ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂቱ በእሷ ጆሮ ያልፋል። ስድቡን ቆርጦ የሚጥለው ወንፊት የሚባለው ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። ወንፊት በአንድ ጀንበር የሚያጣራውን እሷ ዕድሜ ልኳን ሰምታ አትጨርሰውም። ነገር ግን ማሽን ሆድ የለውም፤ የትኛው ቃል አጥንት እንደሚሰብር በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ከቀማሿ አንገት ላይ የልብ ምትና የቆዳ ላብ የሚለካ ጠፍጣፋ ነገር ይንጠለጠላል። የመዝገብ ስሙ ስሜት ለኪ ነው፤ ሠራተኛው ግን ክታብ ይለዋል። ቃሉ ቀማሿን ሲወጋት ክታቡ ይቀላል፣ ወንፊትም ያንን አይቶ ቃሉን ከነዘመዶቹ ከከተማው ይነቅለዋል። ክታቡ ካልቀላ ቃሉ ያልፋል።

መጀመሪያ ሰሞን እማዋይሽ ቤቷ ስትገባ እህል አይወርድላትም ነበር። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሥራውን ጥለው ሲሄዱ እሷ ቀረች። ሰው የማይለምደው ነገር የለም ይባላል፤ እሷም ለመደች። ክፋቱ፣ ልማድ መርጦ አያደነዝዝም። እናቷ ያረፈች ዕለት ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ፣ እሷ ድንኳኑ ሥር ቆማ የድምፅ ማጉያው ነገር ያሳስባት ነበር። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ታላቅ እህቷ ደብሬ በሰው ፊት ዝም ብላ፣ ኋላ ደውላ ቁርጡን ነገረቻት።

"እናትሽን በደረቅ ዓይን ቀበርሽ። ለአርባዋም እንዲሁ ደርቀሽ የምትመጪ ከሆነ፣ ባትመጪ ይሻለኛል።"

እማዋይሽ አልተቀየመችም፤ እህቷ ልክ ነበረች። ማልቀስ ፈለገች። የእናቷን ፎቶግራፍ አውጥታ ብታይም ሐሳቧ የሚሄደው ፎቶው ሲነሣ መብራቱ ማነሱ ላይ ብቻ ሆነ። አርባው ደግሞ እሑድ ነው።

በዚያው ሳምንት ወንፊት ማፍሰስ ጀመረ። አባትና ልጅ አብረው ቆመው የማይሰሙት ስድብ በአውቶቡስ ማቆሚያው ሰሌዳ ላይ ተለቀቀ፤ ሰውም ቤቱ ያለውን ስክሪን በጨርቅ እየሸፈነ መዋል ያዘ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሲራክ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ፈተሹ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና፣ ማሽኑ ደህና መሆኑን፣ የአማርኛው ወንፊት የሚያየው የእሷን ክታብ ብቻ እንደሆነ፣ ክታቧም ከቀላ ብዙ ቀን እንዳለፈው ነገሯት። አዲስ ቀማሽ እስኪመጣ ስድቡ እንዲሰማት እንድትሞክር ለመኗት። እሺ አለች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ተራ ቪዲዮ ደረሳት። ሁለት ሾፌሮች በመኪና ባትሪ መሙያ ጣቢያ በወረፋ ተጣልተው ይሰዳደባሉ። ስድባቸው የማይደገም ነበር፤ ክታቡ ግን ተኝቷል። አንደኛው ወደ ኋላ ሲሸሽ እግሩ ቦይ ውስጥ ገባና በጀርባው ወደቀ። ያኔ ከካሜራው ኋላ መልኳ የማይታይ አንዲት ሴት "እኔን" አለች።

ሌላ ምንም አላለችም። ለዚያ አፉ ለማያርፍ ሰው፣ በስም ለማታውቀው፣ በአንተ ፈንታ እኔን ይምታኝ አለችው። የእማዋይሽ እናት ልጇ ብርጭቆ ከእጇ ሲያመልጣት እንኳ እንዲሁ ትላት ነበር። ክታቡ ደረቷ ላይ ጋለ፣ ቀላም፤ ተከትሎ እንባዋ መጣ። እማዋይሽ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እስኪወጣላት አለቀሰች። ከልቅሶዋ መሀል ደስ አላት። እሑድ መሄድ ትችላለች።

በማግስቱ ስድቡ እንደ ትናንቱ ይፈስ ነበር። ከከተማው ቪዲዮ ሁሉ የጠፋው "እኔን" ነበር። ሕፃን ሲወድቅ የእናቱ አፍ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለም። ወንፊት ሞኝ ስላልሆነ "እኔን ጥራኝ" የሚለውን አልነካም፤ የነቀለው ለተጎዳ ሰው የሚባለውን ነው። የስክሪን ጥሪም በወንፊት ያልፋልና፣ ሆስፒታል የተኛ አንድ ወጣት እናቱን ሲያነጋግር የደረሰበትን አመለከተ። ቁስሌን አሳየኋት፣ አየችው፣ ምንም አላለችኝም፤ ጨክናብኝ ነው ወይ፣ ብሎ ነበር የጠየቀው።

ጋሽ ሲራክ አልተቆጧትም።

"ማሽኑ ክፉና ደግ አይለይም" አሉ። "ለእሱ የነካሽ ሁሉ የጎዳሽ ነው።"

"ታዲያ ይሰርዙታ።"

"ሰውነትሽ ያተመውን እኔ አልሰርዘውም፤ የምትሰርዢው አንቺው ነሽ። ክታቡ እስኪተኛ ደጋግመሽ ትሰሚዋለሽ። ዛሬ ካልተሰረዘ ይጸናል።" የእህቷን ነገር ሰምተው ስለነበር ትንሽ አመነቱ። "ወይ ተይው። አንዲት ቃል ናት፤ ለእሑድሽ ትሁንሽ።"

እማዋይሽ ስለ ወጣቱ አሰበች፤ ያላየቻት እናቱም ትዝ አለቻት። ማዳመጫዋን አጠለቀች።

በመጀመሪያ ቃሉ በተደገመ ቁጥር አነባች። ቀትር ላይ ዓይኗ ይረጥብ ነበር እንጂ እንባው አይወርድም። ከምሳ በኋላ የሴትየዋን ትንፋሽ፣ ከትንፋሹም ኋላ የሚያልፈውን መኪና መለየት ጀመረች። የእናቷን ድምፅ ከሴትየዋ ድምፅ ጋር ልታገናኝ ሞከረች፤ አልገናኝ አላት። አስፈራት፤ ማዳመጫውን ግን አላወለቀችም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቃሉ ሦስት ፊደል ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ፍርሃቱም ተወት አደረጋት። ክታቡ ተኛ። ጋሽ ሲራክ መጥተው ቃሉ መመለሱን፣ ወጣቱም እናቱን መስማቱን ነገሯት። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

እሑድ ላለመቅረት ብላ ሄደች፤ ዓይኗ ግን ደርቋል። ደብሬ ጥቁር ለብሳ ደጃፏ ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች። እህቷን ስታያት ፊቷን አዞረች። እማዋይሽ ደረጃውን ስትወጣ አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች።

"እኔን" አለች ደብሬ። ቂሟ ሳይፈቅድላት ነው ያመለጣት። ወርዳም እጇን ዘረጋችላት።

እማዋይሽ ከወደቀችበት ቀና ብላ የእህቷን አፍ አየች። ከንፈሩና ድምፁ ገጥመዋል፤ የተቆረጠ ነገር የለም።

"ደህና ይሰማል" አለቻት።