ግራ እጇን የያዘው

ማመን ያቃተው አይመን... እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ኦሳካ፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

የባሌ አባት ኪሃቺ የአሻንጉሊት ቴአትር ትዕይንቶችን እንጨት ላይ ይቀርጻሉ። እኔ እንጨቱን ቀለም ቀብቼ ወረቀት ላይ አትማለሁ።

የዚያን ቀኑ ሥዕል ልጇን የምትሰናበት እናት አሻንጉሊት ነበረች። አሻንጉሊቷን ከኋላ ሆነው የሚያንቀሳቅሷት ፊታቸውን በጥቁር የሸፈኑ ሦስት ሰዎች ናቸው። ግራ እጇን የሚይዘው ባሌ ሶሄይ ነው።

የመጀመሪያውን ወረቀት ከእንጨቱ ላይ ላጥኩት።

ግራ መዳፏ ተዘርግቷል። ደህና።

ሁለተኛውን ላጥኩ...

መዳፏ ተጨብጧል።

«አባባ፣ እጇን ጨብጠው ነው እንዴ የቀረጹት?»

«ዓይንሽ ፈዘዘ እንዴ ኦሪዬ? መነጽሬን ላውስሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

እንጨቱን በጣቴ ዳሰስኩት። የተዘረጋ መዳፍ ነው።

ሌላ አተምኩ።

አሁን የባሌን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች... ፊቷም ወደ እሱ ዞሯል።

አባባ ወረቀቱን አዩት። ሳቃቸው ጠፋ።

«ሩጪ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ልጄን... አሁኑኑ አውጪልኝ።»

ያ ትዕይንት በዚያች ሰዓት የሚታይበት ቴአትር ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ በጓሮ በር ገባሁ።

ሶሄይ ከመድረኩ ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ጥቁር መሸፈኛውን አውልቋል። ላብ አጥምቆታል።

«ትዕይንቱ አለቀ እንዴ?»

«ቀስ በይ... ገና ነው።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አስወጣኝ።»

«ማን?»

በመጋረጃው ክፍተት ወደ መድረኩ ጠቆመኝ።

ተመልካቹ ያለቅሳል። እናትየው ልጇን አቅፋለች። ከኋላዋ...

ሦስት ጥቁር ለባሾች።

ባሌ አጠገቤ ነው። ትከሻውን ይዤዋለሁ!

ሦስተኛው ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞረ...

«እየጠራኝ ነው» አለ ሶሄይ፣ ሊነሳ እየታገለ።

«አትሄድም!»

ወገቡ ላይ ተጠመጠምኩበት። እየጎተተኝ ትንሽ ሄደ... ከዚያ አብረን ወለሉ ላይ ወደቅን።

መጋረጃው ተዘጋ። ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ከመድረኩ የመጡት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የአሻንጉሊቷን ራስ የሚይዙት ሽማግሌው ቶኩኤሞን መሸፈኛቸውን ገለጡ።

«አንተ ሶሄይ! እንደ ዛሬ አሳምረህ ይዘሃት አታውቅም እኮ!»

«አሻንጉሊቷስ?» አልኳቸው።

«ለሶሄይ አስረክቤው አይደል የመጣ—»

አልጨረሱትም። ሁላችንም ዞርን።

ባዶው መድረክ ላይ ማንም ሳይደግፋት ቀጥ ብላ ቆማለች። ግራ እጇ ወደ ኋላ፣ ወደ ጨለማው ተዘርግቷል... የሰው እጅ የጨበጠች ያህል።