ሠንበር የሌለው ዓሣ

አቶ እንግዳው የተገኙት በመረብ ተገንዘው ነው። ከዛሪማ በታች ባለው ግድብ ጠርዝ፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ፣ ነጭ የናይለን መረብ ከቁርጭምጭሚታቸው እስከ አንገታቸው ተጠቅልሎባቸው በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንጠቆ ዓሣ ሲያወጡ የኖሩ፣ መረብ ከዚህ ግድብ ይውጣልን እያሉ የየቢሮውን ደጅ የጠኑ ሰው ነበሩ። እንግዲህ አገሩ ገዳዩን ለመሰየም ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? መረቡ የባሽር ነው። ባሽር የመረበኞቹ አለቃ ነው። ባለፈው እሑድም ሰው በተሰበሰበበት «በመረቤ ጠቅልዬ እጥልዎታለሁ» ብሎ ዝቶባቸዋል። አለቀ።

ለኢንስፔክተር ሠርካለም ግን «አለቀ» የሚባል ነገር አይዋጥላትም። ደባርቅ ቢሮዋ ሳለች ተደውሎላት የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዳ ስትደርስ፣ በደጋው ብርድ የደረበችው ካፖርት ላብ በላብ አደረጋት። አውልቃ ለረዳቷ ለሳጅን ስጦታ ሰጠችና ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች።

የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ በድንጋይ ተፈንክቷል። መረቡ ጫፉ ላይ በቢላ ተቆርጧል። የሰውየው ቦርሳ ዳር ላይ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ መንጠቆው ውስጡ ነው፣ ክሩም በወግ እንደተጠቀለለ ደርቋል።

«ሊያጠምዱ አልመጡም» አለች።

«ታዲያ በማለዳ ምን ሊሠሩ መጡ?» አለ ስጦታ።

«አንድ ነገር ሊያዩ።»

የሟቹ ቀኝ እጅ እንደተጨበጠ ደርቋል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስታላቅቅ የተወቀጠ ፍሬ የመሰለ ቡናማ ልቁጥ መዳፋቸው ላይ ተጣብቆ አገኘች። ጠጋ ብላ ስታሸተው አፍንጫዋን ሰነፈጣት። በላስቲክ ቋጠረችውና ኪሷ ከተተችው።

ዳር ዳሩን ይዛ ወደ ላይ ስትሄድ፣ ውኃው ገባ ብሎ በተኛበት ጥግ ላይ ቆም አለች። ከአውራ ጣት የማይበልጡ ጫጩት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ውኃውን ሸፍነውታል። አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችው። ገና ምንም ያላዩ ነበሩ።

የሰፈሩ ቄስ አባ ወልደ ሩፋኤል በትራቸውን እየተመረኮዙ ከኋላዋ ደረሱ።

«ልጄ፣ ቶሎ በይ» አሏት። «ጎረምሶቹ ከቀብር መልስ ወደ መረበኞቹ ድንኳን ሊወርዱ ተማምለዋል። እዚያ ሴት አለ፣ ሕፃን አለ። እኔ አንድ ሽማግሌ ስንቱን እይዛለሁ?»

«ቀብሩ መቼ ነው አባ?»

«ሬሳው ተመርምሮ እንደተመለሰ። ከሰዓትን አያልፍም።»

ባሽር ዛሪማ ፖሊስ ጣቢያ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ሠርካለም ስትገባ ሊነሳ ሞከረ።

«ዝተሃል ወይስ አልዛትክም?»

«ዝቻለሁ፤ አልክድም። አያ እንግዳው ‹ግድቡን አራቆታችሁት› ሲሉኝ ደሜ ፈላ። አፌ ነው የዛተው። እጄ ግን አልነካቸውም፣ ወላሂ።»

«መረብህስ?»

«ማድረቂያው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የማንም እጅ ይደርሰዋል። በቢላ ቆረጡት የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ባሽር ዐይኑን ጨፈነ። «እኔ ብሆን ቋጠሮውን እፈታው ነበር። የልጆቼን እንጀራ በቢላ እቆርጣለሁ?»

«የመረብህ ዐይን ምን ያህል ይሰፋል?»

«አራት ጣት ያስገባል። ትንንሹ ይለፍ፣ ይደግ ብለን ያጸናነው ራሳችን ነን። ግን ምን ዋጋ አለው? እነሱ ዓሣውን እናንተ ጨረሳችሁት ይላሉ፣ እኛ እነሱን እንላለን፤ የሁላችንም ቅርጫት ባዶውን ይገባል።»

ከጣቢያው ወጥታ መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሳ ለሾፌሮች ወደምትሸጠው ወደ አሲያ ቤት አቀናች። አሲያ ከመንጠቆኞቹም ከመረበኞቹም ትገዛለች፤ ከሁለቱም ትጣላለች። ጠረጴዛዋ ላይ ጥቂት ጥሬ ዓሣ ተደርድሯል። ሠርካለም አንዱን በጭራው ይዛ አነሳች። ከንፈሩ ተቀዷል።

«ይኼ የማን ነው?»

«የመንጠቆኞች ነው፤ ትናንት ያመጡት።»

ሌላውን አነሳች። አንገቱ ዙሪያ ቀጭን የክር ሠንበር አለ።

«ይኼስ?»

«የባሽር ልጆች። የኔ እመቤት፣ ሰው ሞቶ አንቺ የዓሣ አንገት ታያለሽ?»

«አያለሁ። ዛሬ ለሰፈር ሰው የሸጥሽው አለ?»

«ለማን? በዚህ ለቅሶ ላይ? ከሾፌር በቀር ደጄን የረገጠ የለም።»

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ጎረምሶቹ አጥሩ ሥር ዱላቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ሸጊቱ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። የሟቹ የእህት ልጅ የሺዋስ አጠገባቸው በርከክ ብሎ ይለምናቸዋል።

«እትዬ ሙች፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ! አያ እንግዳው እንዲህ ሆነሽ ቢያዩሽ ይወዳሉ?»

ሴትዮዋ አፋቸውን ከፈቱ፤ አጎረሳቸው። እያለቀሰ ነበር ያጎረሰው። ሠርካለም አየችው፤ አሳዘናትም። አቶ እንግዳው ከሕፃንነቱ ጀምረው ያሳደጉት ልጅ ነው፤ መንጠቆ ያስያዙትም እሳቸው ናቸው።

ጉርሻው እስኪዋጥ ጠብቃ ወደ ጥግ ጠራችው። «ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ወገቤን ይዞኝ ከትናንት ጀምሮ ተኝቻለሁ፤ ጩኸቱ ነው የቀሰቀሰኝ። ኢንስፔክተር፣ ገዳዩ እጃችሁ ላይ እያለ እኛን ምን አደከማችሁን?»

ትታው ወደ ጓዳ አለፈች። ጾሙ የነቢያት ነው፤ ዓሣ አይከለከልም በሚለው በዚያ ሰፈር ሴቶቹ ለለቀስተኛው ዓሣ ይከትፋሉ። ገና ቢላ ያልነካው ግማሽ ቅርጫት አለ።

«ማን አመጣው?»

«የሺዋስ ነዋ፣ ይባረክና! ለቀስተኛ ባዶ አፉን አይመለስ ብሎ።»

ሠርካለም አንዱን አነሳች፤ ሌላውንም፣ ሌላውንም። ከጉንጫቸው ሥር ያለውን ክዳን ገልጣ አየች። ከዚያ ቅርጫቱን ይዛ ወጣችና ስጦታን በጆሮው አናገረችው። «ባሽርንና አሲያን አምጣልኝ። አባን ደግሞ በሩ ላይ ይቁሙልኝ በላቸው።»

ባሽር በካቴና ታስሮ ሲገባ ጎረምሶቹ ብድግ አሉ። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን አውጥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። «በእኔ ላይ ረግጣችሁ እለፉ!» አሉ። ማንም አልረገጠም።

«ለሁለት ነገር አንድ ጊዜ ታገሡኝ» አለች ሠርካለም ወደ መሐል ገብታ። «መጀመሪያ ጥጉ ላይ ያለቁትን ጫጩቶች አይቻለሁ። አውራ ጣት የምታክል ዓሣ ከባሽር መረብ ሾልካ ታልፋለች፤ መንጠቆም ለመዋጥ አፏ አይበቃም። ታዲያ ምን ገደላት?»

ላስቲኩን ከፍታ ልቁጡን ለአባ አሸተተቻቸው። አባ ፊታቸውን አዞሩ።

«ብርብራ ነው!» አሉ። «ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣውን ያሰክራል። ትልቅ ትንሽ አይልም።»

«ይኼን ከአቶ እንግዳው ጭብጥ ውስጥ ነው ያወጣሁት። ዛሬ ማለዳ መንጠቆአቸውን ሳይፈቱ ጥጉ ድረስ የሄዱት ግድቡን ማን እንደሚገድለው በዐይናቸው ሊያዩ ነው። አገኙት፤ ከእጁም ነጠቁት። ብርብራ የነሰነሰው ሰው የገደላቸው ሰው ነው። መረቡን ከማድረቂያው ያመጣው፣ እናንተ ዱላ ይዛችሁ ወደ ድንኳኖቹ እንድትወርዱለት ነው።»

ከጎረምሶቹ አንዱ «ይኸው ባሽር ራሱ ቢነሰንስስ?» አለ።

«እሱ ቢሆን በራሱ መረብ ጠቅልሎ ስሙን ይጽፍባቸዋል? ሁለተኛው ነገር ይኼ ቅርጫት ነው። የሺዋስ፣ ዓሣውን ከየት አመጣኸው?»

የሺዋስ ከንፈሩን ላሰ። «ከአሲያ ገዛሁት።»

«እኔ?» አሲያ እጇን ወገቧ ላይ ጣለች። «ዛሬ መቼ አየኸኝና?»

«ማለቴ... በፊት በመንጠቆ ያጠመድኩት ነው።»

«በፊት?» ሠርካለም የአንዱን ጉንጭ ገለጠች፤ ውስጡ ገና እንደ በርበሬ ቀልቷል። «ይኼ ዛሬ የሞተ ነው። ከንፈሩንም ተመልከቱ፣ መንጠቆ አልቀደደውም።»

«መረበኞቹ ናቸው የሰጡኝ!»

«ባሽር፣ አንገቱን እይልኝ።»

ባሽር በታሰረ እጁ ዓሣውን ተቀብሎ አገላበጠው። «ሠንበር የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «መረብ አልነካውም።»

«መንጠቆ ያልቀደደው፣ መረብ ያልነካው፣ ዛሬ የሞተ ዓሣ ከብርብራው ጥግ በቀር ከየት ይመጣል? ወገቡን ይዞት ተኝቶ የነበረ ሰው ይኼን ከአልጋው ሥር ለቀመው?»

የሺዋስ ቁጢጥ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«መንጠቆዬ ባዶውን ይወጣል» አለ። «ልጆቼ ያዩኛል። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ጀመርኩት፣ አልተውህ አለኝ። አያ እንግዳው ደረሱብኝ። ‹አንተ ነህ?› አሉኝ። ‹ባሽርን ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ለአገሩም እናገራለሁ› አሉ። ከዚህ በኋላ በየት በኩል ቀና ብዬ እሄዳለሁ?»

«ገድለሃቸው ስታበቃ ዓሣውን ለቀምክ?»

«ተንሳፎ ነበር። ይበላሻል ብዬ...»

«ለምን ወደዚህ አመጣኸው?»

ጥያቄው የገረመው መሰለ። «ለቅሶ ቤት ባዶ እጄን እንዴት ልምጣ?»

ስጦታ ካቴናውን ከባሽር እጅ ፈትቶ የሺዋስ እጅ ላይ አደረገው። ጎረምሶቹ ዱላቸውን አጥሩ ሥር እየተዉ አንድ በአንድ ወጡ፤ ባሽርን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ባሽር ግን አልሄደም። እጁን እያሻሸ ወይዘሮ ሸጊቱ ፊት ዝቅ ብሎ «አላህ ያጽናዎት» አላቸው።

ወይዘሮ ሸጊቱ አልሰሙትም። ያሳደጉትን ልጅ ነበር የሚያዩት።

«ያጎረስከኝ ከዚህ ነው?» አሉት።

የሺዋስ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ቅርጫቱን በገዛ እጃቸው አንስተው ከጓሮ ወሰዱት። ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፈሩ፤ የሚያግዛቸውን ሁሉ መለሱ። የባላቸው ሬሳ በመኪና ግቢው ሲደርስ ገና አፈር እየመለሱ ነበር።