ሽንኩርት የገዛችው አትክልት ነጋዴ

«እጅዎን ታጥበዋል፣ እትዬ አዚዛ?»

«ታጥቤያለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ ሴትየዋ፣ የተቋጠረ ፌስታላቸውን ከደረታቸው ሳያላቅቁ።

ማህሌት መዝገቡ ላይ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ገቡ» ብላ ጻፈች። ዓይኗ ግን ከሴትየዋ ቀሚስ አልተነሣም። ጠዋት ሲወጡ ቡናማ ነበር፤ አሁን ሰማያዊ ሆኗል። ጫማቸው ላይ የጭቃ ፍንጣቂ እንኳ የለም። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ሲወርድ ሰንብቶ፣ ሳሪስ አቦ ገበያ አትክልት ሲሸጥ የዋለ ሰው እንዲህ ከሠርግ ቤት የመጣ መስሎ ይገባል? እንጃ!

ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ሦስተኛ ወሩ ነው። ማህሌት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጽሕፈቷ ስለሚያምር፣ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የኮንዶሚኒየማቸው ኮሚቴ የበሩን መዝገብ ለእሷ ሰጣት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ አሻግሬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፋብሪካው ቀረባቸው እንጂ በሩ ከልባቸው አልወጣም። እናም መንግሥት ያላለውን እሳቸው አሉ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ካርድ የሌለው ሰው ከግቢ አይወጣም፤ ካርድ የሚሰጠውም ሥራው «አስፈላጊ» ለሆነ ብቻ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያመጣ ያገኛል። ደብዳቤ የሌለው ደግሞ ካርድ ያለው የግቢ ሰው ዋስ አድርጎ ይጠራል። ዋስ የተጠራለት ሰው ዋሽቶ ወይም በሽታ አስገብቶ ከተገኘ የዋሱም ካርድ አብሮ ይነጠቃል።

አስፈላጊ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ቀላል አልሆነም። ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለት ቀን ስታከራክር፣ ዲሽ ሠራተኛው ፍቅሩ ወዲያው አለፈ። የጋሽ አሻግሬ ቴሌቪዥን ሥዕሉ እየተቆራረጠ አስቸግሯቸው ነበር። ማህሌት ይህን በልቧ ታዝባ ዝም አለች።

ስለ እትዬ አዚዛ ግን ዝም አላለችም። ሴትየዋ የክፍል ጓደኛዋ የዩምና እናት ናቸው። ከሚያዝያ ወዲህ እዚሁ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ። ዩምና «እናቴ ልብስ የምታጥብበት ሆቴል ሲዘጋ አትክልት ንግድ ጀመረች» ብላታለች። ባለፈው ቅዳሜ ግን ማህሌት ዘይት ልትገዛ ከግቢው አጠገብ ወዳለው የዲንቄ ኪዮስክ ስትሄድ፣ አትክልት ነጋዴዋ እትዬ አዚዛ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት እያስመዘኑ አገኘቻቸው። ምን ያህል እንደገረማት! በሩጫ ሄዳ ለጋሽ አሻግሬ ነገረች።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር!» አሉ ጋሽ አሻግሬ መዳፋቸውን እያፋተጉ። «ጎበዝ! እስከሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ ድረስ ሥራቸውን አጣሪልኝ።»

ያን ቀን ማህሌት መርማሪ ፖሊስ የሆነች ያህል ደረቷ ተነፍቶ ነበር።

አሁን ዓርብ ነው። መዝገቡን ለዘበኛው ትታ ወደ ብሎካቸው ገባች። ዩምና ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ማህሌት አጠገቧ ተቀመጠች።

«እናትሽ የት ነው የሚሠሩት?»

«ነገርኩሽ እኮ። ሳሪስ አቦ፣ አትክልት።»

«አቦ ዩምና፣ ሙድ አትያዢብኝ! ነቄ ብያለሁ። አትክልት ነጋዴ ከዲንቄ ኪዮስክ ሽንኩርት ይገዛል?»

ዩምና ቀስ ብላ ዞረች። «ሽንኩርቱን ያየሽው አንቺ ነሽ? ትናንት ጋሽ አሻግሬ እናቴን ስለ ሽንኩርት ሲያፋጥጧት ማን እንደነገራቸው ጨንቆን ነው ያደርነው።»

ማህሌት «እኔ አይደለሁም» ልትል አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ዩምና ብድግ ብላ ደረጃውን ወጣች። አራት እርከን ያህል ከሄደች በኋላ ቆመች። ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አንሶላ ነው የምታጥበው። ለይቶ ማቆያ ውስጥ። ሆቴሉ ሲዘጋ ከነማጠቢያ ማሽኑ ወደዚያ ወሰዷት። ሥራ ስትጨርስ እዚያው ገላዋን ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ ነው የምትወጣው። ፌስታሉ ውስጥ ያለው በበረኪና የተነከረው ቀሚሷ ነው።»

«ታዲያ ደብዳቤ የላቸውም?»

«አላት፤ ማኅተም ያለው። ግን ማኅተሙ ላይ የቦታው ስም አለ። በፊት አቃቂ በሰቃ ያከራዩን ሰውዬ ያንን ደብዳቤ ባዩ ማግሥት ዕቃችንን ውጭ አወጡት። ወላሂ፣ ብርድ ልብሳችንን እንኳ ሳናጥፍ! እዚህ ደግሞ አከራያችን እትዬ ብዙወርቅ ናቸው። ኮሚቴው ውስጥ አሉበት።»

«ካርድ ካላገኙስ?»

«ከቀረች በሌላ ሰው ይተኳታል። ሥራ ፈላጊ ሞልቷል።» ዩምና አሁን ዞራ አየቻት። «እሁድ ምን ልትያቸው ነው?»

ማህሌት ተነስታ ሄደች። ቤት ገብታ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች። ለሦስተኛ ጊዜ ሳሙናውን ስታነሳ ከማን ንክኪ እየታጠበች እንደሆነ ገባትና አፈረች። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ጓደኛዋ አንዴ ዋሽታታለች፤ ይኸኛውስ እውነት ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አላት?

እሁድ ከሰዓት በኋላ የግቢው ሰው ሁለት ሁለት እርምጃ በተራራቁ ወንበሮች ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ማስክ አድርጓል፤ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው፣ ያም ዓይን ጎረቤቱን ነበር የሚያየው። አንድ ሰው ሲያስል ወንበሮቹ ሁሉ ተንቀሳቀሱ። የማህሌት አባት ተስፋሚካኤል ከቃሊቲ ሳሪስ የሚጭን የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ካርዱን ቀድሞ ተቀብሎ ዳር ላይ ተቀምጧል። ጋሽ አሻግሬ ስም እየጠሩ፣ ሥራ እያስነበቡ ቆይተው እትዬ አዚዛ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ማህሌት፣ አጣራሽ?»

ማህሌት መዝገቡን አቅፋ ተነሳች።

«አጣርቻለሁ። ሥራቸው ነውር የለበትም። አስፈላጊ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አሉ እትዬ ብዙወርቅ ከመቀመጫቸው ተነስተው። «ምን የማይነገር ሥራ አለ? ቤቴ ውስጥ'ኮ ነው የሚኖሩት! እኔ ልወቅ እንጂ!»

«ልክ ናቸው» አለ ፍቅሩ። «የሚደበቅ ነገር ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።»

ከዚያ ሁሉም በየማስኩ ውስጥ ያጉረመርም ጀመር። ጋሽ አሻግሬ እጃቸውን አነሱ። «ደብዳቤ የለ፣ የሥራ ስም የለ። እንግዲህ ዋስ ይጥሩ። ለወይዘሮ አዚዛ ዋስ የሚሆን?»

ማንም እጁን አላወጣም። ከኋላ የቆሙት እትዬ አዚዛ ግራ ቀኙን አይተው፣ ቦርሳቸውን ከፍተው እጃቸውን ከተቱ። ደብዳቤውን ሊያወጡት ነው። ዩምና እጃቸውን ያዘች፤ እሳቸው ቀስ ብለው አስለቀቋት።

«እኔ እሆናለሁ!» አለች ማህሌት።

ሳቅ ሆነ። «ዋስ ካርድ ያለው ሰው ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ አሻግሬ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ማህሌት በወንበሮቹ መሐል አልፋ አባቷ ፊት ቆመች። መዝገቡን ገልጣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ተስፋሚካኤል ገጹን አየ፣ እሷን አየ።

«ምንድን ነው የሚሠሩት?» አላት በሹክሹክታ።

«አልነግርህም፣ አባዬ።»

«ዋሽተው ቢገኙ የሚነጠቀው የኔ ካርድ ነው'ኮ። መኪናዋ ከቆመች ምን እንደምንበላ አስበሻል?»

«አስቤያለሁ።»

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«አላየሁም። ዩምና ነግራኝ ነው።»

«ዋሽታሽ ቢሆንስ?»

ማህሌት ወደ ኋላ ዞራ አየች። የእትዬ አዚዛ እጅ አሁንም ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ዩምና አንገቷን ደፍታለች።

«እኔም እሱን ሳስብ ነው የሰነበትኩት» አለች። «እፈራለሁ። ግን ፈርምላቸው።»

አባቷ ዞሮ እትዬ አዚዛን አየ። ሰው ሁሉ እሱን እንደሚያየው ያውቃል። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«እስክሪብቶውን አምጪ።»

ሰጠችው። ነፋስ ነበርና ገጹ እንዳይገለበጥበት፣ ፈርሞ እስኪጨርስ ድረስ መዝገቡን በሁለት እጇ ተጭናለት ቆመች።